ተጣራ

ከተማው ሲያበቃ፣ መንገዱ ሲከፋ፣
አስፋልቱ ተቆርጦ አቧራው ሲሰፋ፣
ከኮምቦልቻ በታች፣ ከግራሩ ጥላ፣
ሦስት ኩሬ ጠብቄ ደመወዝ ልበላ
ተቀጥሬ አለሁኝ፣ ድፍን ስምንት ዓመት፤
ስሜ አሊጋዝ ሙሄ፣ ሥራዬ መታከት።

ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ «ምንድን ነው ሥራህ?» ሲል ሰው፣
«ውሃ ልማት» እላለሁ፤ ቶሎ ብዬ ወሬውን ልመልሰው።
ውሸት አይባልም፤
ውሃ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ብቻም አይደለም።

በር ላይ የብረት ወንፊት አለች፣ ጥርሷ የተሳለ፤
ሌሊቱን ሰው ቤት ያደረ ጉድ፣ ጠዋት እሷ ጋ ነው ያለ።
የጫት ገረባ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ የሕፃን ልጅ ጫማ፣
ተቀዶ የተጣለ ሎተሪ፤ አልወጣለትማ!
አንድ ጊዜ ቀለበት አገኘሁ፣ ውስጡ ስም ተጽፎበት፤
ሁለት ሳምንት ሙሉ ባለቤት ብፈልግ ማንም አልመጣበት።
ማን ደፍሮ ይምጣ? «ጣልኩት» ካለ፣ ይጠየቃላ፦ የት?

አንደኛው ኩሬ ጥቁር ነው። ዝም ብሎ ከባዱን ያሰጥማል።
ሁለተኛው አረንጓዴ፤ ፀሐይ ስታገኘው አረፋ ይተፋል፣
እንደ ተኛ ሕፃን ከንፈሩን ያላውሳል።
ሦስተኛው ሸምበቆ ነው፣ ሸምበቆና ፊላ፣
በእጄ የተከልኩት፤ ሥሩ እየተጠላለፈ ዝቃጩን የሚበላ።

«እኛ አይደለንም» አለችኝ ጦይባ፣ ጠርሙሷን ሞልታ፣
ውሃውን ወደ ፀሐይ ቀና አርጋ አይታ፤
«በዓይን የማይታዩ ሚሊዮን ሠራተኞች
አሉ እዚህ ኩሬ ውስጥ፣ ቆሻሻ በሊዎች።»
«ደመወዛቸውስ?» ብላት፣ ሳቀችና፣
«ጊዜ ነው» አለችኝ፤ «ጊዜ ብቻ ስጣቸው፤ አትቸኩልባቸውና።»

አምና በነሐሴ፣ ዝናብ ባልጠፋበት፣
አንድ ቦቴ መጣ፣ መብራቱን አጥፍቶት፤
የሽንት ቤት ጭነቱን ቦርከና ሊደፋው
ቱቦውን ሲዘረጋ፣ ባትሪዬ ላይ ጣለው።
ማን ይሁን ሾፌሩ?
ሰይዴ፣ የእህቴ ልጅ፤ እርጥብ ነው ፀጉሩ።
«ወረፋው ረዝሟል» አለኝ፤ «ነዳጅም ተወዷል፤
ወንዝ እኮ ይሄዳል፣ አጎቴ፤ ምን ይጎዳል?»

ወንዝ እኮ ይሄዳል!
እኛስ ስንት ዘመን፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር፣
«የደሴ ሰው እድፉን ላከልን» ስንል አልነበር?
ወደ ላይ አንጋጠን ስናማ ኖረናል፤
ለጨፋ ሰው ደግሞ እኛ ደሴ ሆነናል።
ይህን ነገርኩት። ዝናቡ ድምፄን ይሁን፣ ልቡ ይሁን የጋረደ፣
ቱቦውን ጠቅልሎ፣ ደህና እደርም ሳይለኝ፣ ሞተር አስነስቶ ሄደ።
ለዒድ እናቱ መጣች፤
እሱ ግን እኔን ካደ።

ትናንትና ማታ፣ ከጥበቃ ቤቷ፣ ጫማዬን ስፈልግ በጨለማ፣
ከመውጫው ቱቦ ሥር፣ ካልለመደበት፣ ድምፅ እሰማለሁማ!
አንዴ ኩርር አለ። ቆየና፣ ከማዶ ሌላ መለሰ፤
ስምንት ዓመት ዝም ያለው ቦይ በእንቁራሪት ታመሰ።
ባትሪዬን ዝቅ አርጌ ብመለከት ከሥሩ፣
ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ተቆጥሮ የሚያልቅ ጠጠሩ።

ጦይባ ጠዋት መጥታ፣ ቀድታ፣ ለክታ፣ ደብተሯ ላይ አሰፈረች፤
«ለመጠጥ አይደለም፣ እንዳትሞክረው» ብላ አስጠነቀቀች።
ግን ጠርሙሷን ስትከድን፣ አየኋት፣ ፈገግ አለች።

የጡብ ማምረቻው ዘበኛ፣ እንቅልፉን ያልጨረሰ፣
በአጥር ብቅ ብሎ፣ ፊቱን እያበሰ፣
«አሊጋዝ» አለኝ፤ «ሌሊት፣ እዚያ ከናንተ ጋራ፣
ማነው የተጣራ?»

«ውሃው ነው» አልኩት።
«የከተማው ውሃ ነው፤ እሱ ነው የተጣራ።»